ፍላሽና ኤርፎን መሰኪያን ከባንኮኒ ሥር ማውጣት፦ የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ጥር 13

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒም፣ ጽሕፈትም፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር መጫንም ባንድ ላይ የሚሰራ ቤት አለ፣ ማሽኖቻቸው ሲበላሹ የሚጠሩት እኔን ነው። ሦስት ሲፒዩ አላቸው፣ ሦስቱም ባንኮኒው ሥር በቺፑድ በተሰራ ሳጥን ውስጥ ተወትፈው ጀርባቸው ግድግዳ ሊነካ አራት ጣት ነው የቀረው። የፊት ዩኤስቢዎቻቸው አልቀዋል። የአንዱ ውስጥ ያለችው ፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ ብረቶቹ ስለተነካኩ ፍላሽ ሲገባበት ማሽኑ ጭራሽ ይጠፋል፣ የሌላው ደሞ ፍላሹን በጣት ደግፈው ካልያዙት አያነብም። ስለዚ እዛ የምትሰራው ልጅ ሰው በመጣ ቁጥር ወንበሯን ገፍታ፣ ተንበርክካ፣ በስልክ መብራት እያየች እጇን ከሲፒዩው ጀርባ አዙራ በዳበሳ ነው የምትሰካው፣ ስትዳብስ ደሞ ያ የላላ የፓወር ገመድ ይነካና ማሽኑ ድርግም፣ ሰውየው ሲያስጽፍ የቆየው ማመልከቻም አብሮ ድርግም።

ባለቤቱ ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ልጅቷ ምሳ ስትወጣ የሚያጎነብሱት እሳቸው ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ጉልበቴ ሳያልቅ እዚች ላይ አንድ ነገር ፍጠርልኝ" ብለውኝ ነው ሥራው የተጀመረው።

የኤርፎኑ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ሚሞሪውን ከሬድዮው ነቅሎ ያመጣና ዘፈኑን ሰምቶ መርጦ ነው የሚያስጭነው፣ ልክ ነው እንጂ፣ ብሩን እየከፈለ ያልሰማውን ለምን ይወስዳል። ግን ድምፁ የሚወጣው በሩ ላይ ከተቀመጠው ትልቅ ስፒከር ብቻ ነው። እሱ እስኪመርጥ መንገደኛው ሁሉ የዘፈን መግቢያ መግቢያውን ሲሰማ ይውላል፣ አንዱም አያልቅም። መዝሙር የሚመርጥና እስክስታ የሚመርጥ ሰው ባንድ ላይ ከመጡማ በቃ ለጸብ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ጥር 14

ዛሬ አንድም ቪቴ አልፈታሁም። ጥግ ላይ ተቀምጬ እጅ የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይ ዋልኩ። ደንበኛው ፍላሹን በባንኮኒው ላይ ያቀብላል፣ ልጅቷ በቀኝ እጇ ትቀበላለች፣ ያ እጅ ከኪቦርዱ በስተቀኝ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ያርፋል። መሰኪያው መኖር ያለበት እዛ ነው። ሲፒዩው ፊት ላይ አይደለም፣ ጎኑ ላይም አይደለም። ሲፒዩው ባንኮኒ ሥር እስካለ ድረስ የፊት ዩኤስቢ ማለት እግር ዩኤስቢ ማለት ነው፣ አዲስ ካዝና (የሲፒዩውን የቆርቆሮ ሳጥን) ቢገዙም እዛው ነው የሚመለሱት።

ካምፓኒዎቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ሲወላውሉ ነው የኖሩት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ቀጭን አይማክ ላይ የኤርፎኑ ቀዳዳ ስክሪኑ ጀርባ ነበር፣ በ2021ኛው ባለ 24 ኢንች ላይ ወደ ጎን አመጡት፣ በ2024 ያወጡት ትንሿ ማክ ሚኒ ላይ ደሞ የኤርፎኑን ቀዳዳና ሁለት ዩኤስቢ ሲ ፊት ለፊት አድርገው ማብሪያውን ከሆዷ ሥር ደበቁት። አንዱን ሲያቀርቡ አንዱን ማራቅ። ጠረጴዛ ላይ ለሚያስቀምጠው ሰው ፊት ለፊት መሆኑ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሲፒዩ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ቦታውን ፎቶ ኮፒው ይዞታል።

ጥር 15

በቀላሉ ልጀምር ብዬ ሜትር ተኩል የሆነ ዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ከኋላ ሰክቼ ባንኮኒው ላይ አወጣሁት። ለፍላሽ ይሰራል። ከዛ አንድ ተማሪ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣና ሲሰካ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይነሳና ይጠፋል። ቴስተር አወጣሁ፣ ከኋላ ያለው መሰኪያ ላይ 5.06 ቮልት፣ ኤክስቴንሽኑ ጫፍ ላይ ዲስኩ እንደተሰካ 4.68።

ምክንያቱ ገመዱ ቀጭን መሆኑ ነው። የገመዱ ልባስ ላይ የሽቦው ቁጥር ተጽፏል፣ ያቺ ቁጥር ባነሰች መጠን ሽቦው ወፍራም ነው። 28 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፣ ሜትር ተኩል ሄዶ ሜትር ተኩል ሲመለስ 3 ሜትር ነው፣ 0.64 ኦም ሆነ፣ ዩኤስቢ 2 የሚፈቅደው ግማሽ አምፒር ሲያልፍበት 0.32 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲስክ ሲነሳ ደሞ ከዛም በላይ ነው የሚስበው። ስለዚ ገመድ ስትገዙ ቀለሙንና ማማሩን ተዉት፣ ጽሑፉን አንብቡ፣ 28 ብቻ ሳይሆን 28ም 24ም የተጻፈበትን ፈልጉ፣ 28ቱ የዳታ ሽቦ ነው፣ 24ቱ የመብራቱ። በ24 ቁጥር ያው ርቀት ላይ የሚጠፋው 0.13 ብቻ ነው። እዚህ ከተማ ዞሬ ዞሬ አንድ ሱቅ ውስጥ አሮጌ ፕሪንተር ገመዶች መሀል አገኘሁ፣ ባለሱቁ "ይሄን ወፍራም ገመድ ማንም አይፈልገውም" ብሎ ቀነሰልኝ።

ደሞ ኤክስቴንሽን እንዲሁ ተንጠልጥሎ ሲተው አይሆንም። በዋለበት ቀን ብቻ መሬት ወድቆ በወንበር እግር ተረግጧል፣ የሆነ ሰው ደሞ ፍላሹን ሲነቅል ገመዱን ጭምር ነው የሚጎትተው። መታሰር አለበት፣ ከባድ ነገር ላይ።

ጥር 17

ዛሬ የሚሰበረው ምን ይሁን የሚለው ላይ ነው የቆየሁት፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ እዚች ላይ ነው የሚዞረው።

መደበኛው ትልቁ ዩኤስቢ ሲሰራ ቢያንስ 1500 ጊዜ ገብቶ እንዲወጣ ተብሎ ነው የሚሰራው። ብዙ ይመስላል። ቤት ውስጥ ለሚጠቀም ሰው ዕድሜ ልኩን ነው። ይሄ ቤት ግን ተማሪው ፕሮፖዛል ይዞ ሲመጣ፣ ገበሬው ሚሞሪ ይዞ ሲመጣ፣ ለአንድ ማሽን በቀን 40 ፍላሽ ቢደርስ 1500ው በ38 ቀን ያልቃል ማለት ነው። በርግጥ ዝቅተኛው ነው እንጂ በ38ኛው ቀን ይሰበራል ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ከዛ በላይ ይሄዳሉ፣ ግን የፊት ዩኤስቢዎቹ ለምን እንዳለቁ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ያለቀው ነገር ደሞ ካዝናው ላይ የታሰረ ስለሆነ ማንም አልቀየረውም፣ ከዛ ወደ ኋላ ሄዱ። የኋላው ማዘርቦርዱ (ዋናው የኮምፒውተሩ ቦርድ) ላይ የተበየደ ነው። እሱ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳሉ?

ስለዚ የወሰንኩት ይሄ ነው። ሰው የሚነካው መሰኪያ ከሁሉም ርካሹ ይሁን፣ በካቻቪቴ ብቻ ወልቆ የሚተካ ይሁን። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው አንዴ ከተሰካ በኋላ ማንም አይንካው። ባንኮኒው ላይ የምትታሰር ትንሽ ሳጥን እሰራለሁ፣ እሷ ውስጥ ከወፍራሙ ገመድ ጫፍ ላይ አጭር ወንድና ሴት አዳፕተር ትገባለች፣ ሰው የሚሰካው እሷ ላይ ነው፣ ስታልቅ ትጣላለች፣ ሌላ ትገባለች። ልጅቷ ራሷ ትቀይራታለች እኔን መጥራት የለባትም። (ለኔ ኪሳራ ነው ይሄ፣ ግን በየሳምንቱ ለዩኤስቢ መጠራት ሰልችቶኛል።)

ጥር 18

የሞቱ ካዝናዎች የማስቀምጥበት ክፍል ገብቼ የፊት ቦርዶችን ስፈታ ዋልኩ። አዲስ ለመግዛት አዲስ አበባ ወይ ባህር ዳር ማዘዝ ነው፣ መንገዱ ደሞ አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው። የሞተ ካዝና ግን በየቤቱ አለ፣ ሲፒዩው ሲሞት የፊት ቦርዱ አብሮ አይሞትም። ትንሽ አረንጓዴ ቦርድ ላይ ሁለት ዩኤስቢና ሁለት የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ፣ አረንጓዴው የኤርፎን ሮዙ የማይክ፣ ሽቦዎቹ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው ጫፍ ድረስ ከነሶኬታቸው።

እዚች ላይ እጃችሁን ቶሎ አታሳርፉ። ማዘርቦርዱ ላይ የፊት ዩኤስቢ የሚሰካበት ባለ ሁለት ረድፍ ነው፣ 9 ፒን (የብረት ጥርስ) አለው፣ አሥረኛው ጎን ያለው ዘጠነኛው ሆን ተብሎ ተነቅሏል እንዳይገለበጥ። የኦዲዮው ደሞ እንዲሁ 9 ፒን ነው ግን የጎደለው ስምንተኛው ነው፣ ስለዚ በደንብ የተሰራ ሶኬት ከሆነ አንዱ አንዱ ላይ አይገባም። ችግሩ ፋየርዋየር የሚባለው፣ ድሮ ቪዲዮ ካሜራ ይሰካበት የነበረው ሌላ ዓይነት መሰኪያ ነው። አንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ የሱ መሰኪያ መልኩ ቁርጥ የዩኤስቢው ነው፣ የጎደለው ፒን ራሱ ያው ዘጠነኛው ነው፣ ግን 12 ቮልት ነው የሚሰጠው። እሱ ላይ የተሰካ የፊት ዩኤስቢ የመጣለትን ፍላሽ ሁሉ ያቃጥላል። ስለዚ በመልኩ አትመኑ፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ 1394 የሚል ቁጥር (የፋየርዋየሩ መለያ ነው) ካለ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ካላመናችሁ በቴስተር 5 መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ።

ለዩኤስቢው በኋላ ሳስበው የማዘርቦርዱን ፒን ጭራሽ መንካት አያስፈልግም። ከኋላ ስድስት መሰኪያ አለ፣ ማውስ ኪቦርድ ፕሪንተር ሦስቱን ይዘዋል፣ ሦስት ይቀራል። ሁለቱ ለፍላሽ፣ አንዱ ለካርድ ሪደር። ሃብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚከፍለው) አልፈለኩም፣ የራሱ ፓወር የሌለው ሃብ ያችኑ አንዷን ግማሽ አምፒር ለአራት እያካፈለ ነው፣ ያ የተማሪው ሃርድ ዲስክ መልሶ ቀጭ ቀጭ ይላል።

የኦዲዮው ግን ከፊት ፒኑ መምጣት አለበት፣ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እጽፈዋለሁ።

ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ናት፣ ማንም ሥራ አይሰራም፣ አናጢውም ቤቱ ነው። ጋሼ ጋ ቤት ያፈራውን ጠላ እየጠጣን ያለ ወረቀት የሳጥኗን ነገር ስንጨቃጨቅ ዋልን።

እኔ መሰኪያው ደንበኛው ራሱ እንዲሰካ ወደ ውጪ ይዙር ነው የምለው። ጋሼ በፍጹም አሉ። "ቫይረሱን ማን ሊጠርግልኝ ነው? ልጅቷ እንኳን በእጇ ተቀብላ መጀመሪያ ስካን ታደርጋለች። ደንበኛው ራሱ ከሰካውማ ገብቶ ያደረ ነው።" እውነታቸውን ነው። ያ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ጎጃምን ሲያዳርስ ዋነኛ መናኸሪያው ኮፒ ቤት ነው። ደሞ ልጅቷም ሃሳብ ነበራት፣ ሰው ራሱ ከሰካ ራሱ ይነቅላል፣ ገና እየተጻፈበት ነቅሎ ይሄድና ነገ "ያልተጫነ ነው ያስከፈላችሁኝ" ብሎ ይመጣል።

ስለዚ ተስማማን። ዩኤስቢና ካርድ ሪደሩ ወደ ልጅቷ ፊት፣ የኤርፎኑ ቀዳዳ ወደ ደንበኛው ፊት። አንድ ሳጥን ሁለት ፊት። መሰኪያ ቅርብ ይሁን ሲባል ለማን የሚለውን ቀድሞ መጠየቅ ነው፣ እኔ ቤት ተቀምጬ ብሰራው ኖሮ አራቱንም ወደ አንድ ጎን ነበር የምደረድረው።

ጥር 22

አናጢው ጋ። ቺፑድ ልቁረጥልህ ሲለኝ እምቢ አልኩ፣ ቺፑድ ቪቴ ሁለት ሦስቴ ከተፈታበት ይቦረቦራል፣ ይሄ ደሞ እንዲፈታ ነው የሚሰራው። ከበር የተረፈ ዋንዛ ነበረው። "ለኮምፒውተር ዋንዛ? ምነው ንጉሥ ሊቀመጥበት ነው እንዴ?" እያለ ሳቀብኝ፣ ግን ላገው። ዋንዛ ይከብዳል፣ ሰው ፍላሽ ሲነቅል ሳጥኗ ተጎትታ እንዳትመጣ ክብደት ነው የምፈልገው፣ ከሥር ደሞ በሁለት ቪቴ ባንኮኒው ላይ ትታሰራለች።

ቅርጿ ላይ ያሰብኩበት እንዲ ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ አይመለከቱም፣ ወደ ላይ የተከፈተ መሰኪያ የደብረ ማርቆስን አቧራ ይሰበስባል፣ ሻይም ይደፋበታል፣ ስለዚ ወደ ጎን ነው፣ ጭራሽ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ። ዩኤስቢዎቹ ከእንጨቱ ፊት ሁለት ሳንቲም ገባ ብለው ነው የሚቀመጡት፣ ፍላሹ ግማሽ አካሉ እንጨት ውስጥ ስለሚገባ ክንድ ሲመታው አይታጠፍም። ያቺ ምላስ የምትሰበረው በመሰካት ሳይሆን በመመታት ነው። ግን ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ወፍራም ፍላሽ አይገባም፣ ጎማ ለብሶ የሚመጣ አለ፣ ስለዚ 3 ሳንቲም በ2 ሳንቲም አድርጎ በመሮ ፈለፈለልኝ። ካርድ ሪደሯ የራሷ ቀጭን ስንጥቅ አላት፣ ከውስጥ ታስራለች። ጣት የማታክል ነገር ስለሆነች በየሳምንቱ ስትጠፋ ነበር፣ አሁን የትም አትሄድም።

ላይኛው ጎን ላይ ልጅቷ ከቦርሳዋ ጥፍር ቀለም አውጥታ ነጥብ አደረገችበት። ፍላሽ ላይ ያለችው የዩኤስቢ ሹካ መሰል ምልክት በደንቡ ላይ ወደ ላይ ነው የምትሆነው፣ ምልክቷ ወደ ነጥቡ ከሆነ ሳያዩ ይገባል። ምልክት የሌለው ርካሽ ፍላሽ ግን ሞልቷል፣ ለሱ ያው ገልብጦ መሞከር ነው።

ጥር 24

ሶልደር። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ፣ ብረቱ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላው አለቀ።

የዩኤስቢው ሽቦ አራት ነው፣ ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ነጭና አረንጓዴ ዳታ። በመጽሐፍ እንዲ ነው፣ ርካሽ ገመድ ውስጥ ግን ቀለም ቃሉን አይጠብቅም፣ ጥቁሩ ላይ 5 ቮልት ያገኘሁበት ገመድ አለ። እያንዳንዱን በቴስተር ከጫፍ ጫፍ ሳያዩ አለመቀጠል ነው። ነጭና አረንጓዴው እርስበርስ ተጠማዘው ነው የሚሄዱት፣ ያንን መጠማዘዝ እስከ መጋጠሚያው ድረስ ላለመፍታት ሞከርኩ፣ መጋጠሚያዎቹን ደሞ አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ አድርጌ ለየብቻ ናስትሮ፣ ከላይ ፎይል። በዚህ መልክ ዩኤስቢ 2 ምንም አይለውም። ሰማያዊውን ዩኤስቢ 3 ግን ቆርጦ መቀጠል አይሞከርም፣ በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ሽቦ የእጅ ሶልደር አይችልም፣ እሱ የሚያስፈልገው ሰው ሙሉ ገመድ ይግዛ።

ዛሬ የተገኘው ትልቁ ነገር ግን የኤርፎኑ ጩኸት ነው። መጀመሪያ ሙከራውን ያደረኩት ከሞተው ካዝና የወጣውን የፊት ቦርድ ከነላሜራው ነው፣ ዩኤስቢውም ጃኩም አንድ ብረት ላይ የታሰሩበት። ኤርፎን አድርጌ ፍላሽ ላይ ኮፒ ሳስጀምር ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ፣ ማውስ ሳንቀሳቅስ ደሞ ጭርር ጭርር። ብዙ ሰው "የፊት ኤርፎን ጥራት የለውም" የሚለው ነገር ባብዛኛው ይሄ ነው። ፍላሹ የሚበላው ከረንት በግራውንድ ሽቦ ይመለሳል፣ ሽቦው ትንሽም ብትሆን ኦም ስላለችው ትንሽ ቮልት ትፈጠራለች፣ የኤርፎኑ ግራውንድ ያንን ብረት ከነካ ያቺ ቮልት ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ጃኩን ከላሜራው ነቅዬ በዋንዛው ላይ ብቻውን ሳስረው ዝም። እንጨት ከረንት አያስተላልፍም፣ የሁለቱ ግራውንድ የሚገናኘው ማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ሆነ። አናጢው የሳቀበት ዋንዛ በዚህ በኩልም ጠቀመ።

የኦዲዮውን ገመድ ከድሮ ቴፕ ዴክ የወጣ ሽቦው በተጠለፈ መዳብ የተሸፈነ ገመድ ነው ያደረኩት፣ ተራ ቀጭን ሽቦ ከፓወር ሰፕላይ አጠገብ ሲያልፍ ሌላ ጩኸት ያመጣል።

ጥር 25

አሁን የኦዲዮው ለምን ከፊት ፒን እንደሆነ። ከኋላ ካለው አረንጓዴ ጃክ ቢመጣ ኤርፎኑና የበሩ ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት፣ ደንበኛው የሚመርጠውን ሰፈሩም ይሰማል፣ ምንም አልተለወጠም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያመጣው ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለው የድምፅ አሠራር ግን የፊትና የኋላውን እንደ ሁለት የተለያየ መሣሪያ ማስኬድ ይችላል። ሪልቴክ የሚባል የድምፅ ቺፕ ላለው ማሽን ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የሪልቴኩን ማኔጀር ከፍታችሁ አድቫንስድ ሴቲንግ ውስጥ የፊትና የኋላው ሁለት የተለያየ ድምፅ ባንድ ጊዜ ያውጡ የሚለውን መምረጥ ነው። ከዛ የበሩን ስፒከር ለዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ሰጠሁት፣ ቪኤልሲ በሚባለው ሌላው ማጫወቻ ውስጥ ደሞ ኦዲዮ፣ ኦዲዮ ዲቫይስ ብዬ የፊቱን ኤርፎን መረጥኩ። በር ላይ አንዱ ዘፈን ሳይቋረጥ እየሄደ ባንኮኒው ላይ ሌላው ይሰማል። ልጅቷ ይሄን ስታይ "እስካሁን የት ነበርክ" አለችኝ።

አንድ ጥንቃቄ፣ ማሽኑ ኤርፎን መሰካቱን የሚያውቀው ጃኩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማብሪያ ነው፣ ሲሰካ 7ኛውን ፒን ከ10ኛው ታገናኛለች። ስለዚ ሽቦ ስታስረዝሙ ድምፅ የሚሄድባቸውን 5፣ 9 እና 2 ብቻ ወስዳችሁ ሌላውን ከቆረጣችሁ ማሽኑ ምንም አልተሰካም ይላል። ሪልቴኩ ውስጥ የፊቱን ጃክ መፈለግ አቁም የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ማድረግ ያስኬዳል፣ እኔ ግን ሁሉንም ሽቦ ነው ያስረዘምኩት።

የስልክ ኤርፎን (ባለ ሦስት ቀለበቱ) ለመስማት ይሰራል፣ ማይኩ ግን አይሰራም፣ እዚህ ቤት ማይክ የሚፈልግ የለም።

ጥር 29

ወደ ደጀን በኩል አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ጥገና ሄጄ ነበር፣ ሳጥኗን ስላቸው ለእኛም ሥራልን አሉ። እነሱ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲፒዩዎቹ ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸው ተማሪውን ያያል፣ ሳጥን አያስፈልጋቸውም። ዲቪዲ ድራይቮቹ በአቧራ ሞተዋል፣ ቦታው 146 ሚሊሜትር በ41 የሆነ ባዶ መስኮት ነው። አንዱን ድራይቭ አውጥቼ በዚያ ልክ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ላይ ሁለት ዩኤስቢና የኤርፎን ጃክ አስሬ በድራይቩ በራሱ ቪቴዎች መልሼ አሰርኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። የቀረውን የአይሲቲ መምህሩ ራሳቸው ከተማሪዎች ጋር ይሰራሉ፣ ፋየርዋየሩን ነገር ሦስቴ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

የካቲት 3

ሁለቱ ሳጥኖች ከገቡ ሰነበቱ። ዛሬ የገበያ ቀን ስለሆነ መጥቼ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ኤርፎኑን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ልጅቷ ስታሳልፍባቸው "ቆይ እስኪ እታለም፣ ይቺን አስጨርሽኝ" ይላሉ። ይሄ ያላሰብነው ነው፣ ድሮ በስፒከር ሲሆን ሰው አፍሮ ቶሎ ይመርጥ ነበር፣ አሁን ሰው ዘፈኑን ሙሉውን እየሰማ ነው። ሰልፍ ተፈጠረ። ጋሼ ለእያንዳንዱ ዘፈን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሰማ ብለው ደንብ አወጡ፣ ልጅቷ ግን ሽማግሌ ላይ ደንቡን አታስከብርም።

የኤርፎኑ ገመድ ራሱ ደሞ ከመሰኪያው በፊት ነው የሚያልቀው፣ ጃኩ አጠገብ ይቆረጣል። ትርፍ አስቀምጠዋል፣ የጆሮውን ስፖንጅ ደሞ ልጅቷ ማታ ማታ ታጥበዋለች።

በዩኤስቢው በኩል ከሲፒዩ ጀርባ እጅ የሰደደ የለም። አንደኛዋ አዳፕተር መላላት ጀምራ ልጅቷ በሁለት ቪቴ ፈትታ ቀይራታለች፣ እኔ የሰማሁት ከቀየረች በኋላ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከባንኮኒው ሥር ስለታሰረ የፓወር ገመዱንም የሚነካው ስለሌለ ድርግም ማለቱ ቀርቷል፣ መብራት ኃይል ካላጠፋው በቀር።

የካቲት 10

ሦስተኛው ሲፒዩ ቀርቷል። ከፍቼ ሳየው የኦዲዮው ፒን ከኤችዲ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው ኤሲ 97 ነው። እሱ ጋ የፊትና የኋላውን ለይቶ ማጫወት የለም፣ ጭራሽ ድምፁ መጀመሪያ ወደ ፊት ፓነሉ ሄዶ ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው፣ ለዚህ ነው ፊት ላይ ምንም ካልተሰካ 5ን ከ6፣ 9ን ከ10 የሚያገናኙ ሁለት ጃምፐሮች የሚቀመጡበት። ጃምፐሮቹን ነቅሎ የኋላው ድምፅ ጠፋ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

በርካሽ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ሁለተኛ ድምፅ ማውጣት ይቻል ነበር፣ ግን ከኋላ የቀረችውን መሰኪያ ይበላል። ጋሼ "ያ ማሽን ጽሕፈት ብቻ ይሥራ፣ ዘፈን በሁለቱ ይበቃል" አሉ። ስለዚ ለሱ ዩኤስቢና ካርድ ሪደር ብቻ ያላት፣ አንድ ፊት ያላት ሳጥን ነው። ዋንዛው ተቆርጦ ቫርኒሽ እየደረቀ ነው፣ ባለ 24 ቁጥሩን ገመድ ባህር ዳር የሚመላለስ ሹፌር አዝዤዋለሁ፣ ሲመጣ አስራታለሁ።